የአርባ ቀን ውሃ

በሃያ አራት ዓመቴ ከእኔ የበለጠ ጿሚ በደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሌላው ሰው በሁዳዴ እስከ ስድስት ሰዓት ቢጾም እኔ እስከ ዘጠኝ፣ እሱ እስከ ዘጠኝ ቢዘልቅ እኔ እስከ አሥራ አንድ እዘልቃለሁ። ከመሥሪያ ቤት ስወጣ አንድ ሰው “ምሳ በላህ ወይ?” ብሎ እንዲጠይቀኝ ሆን ብዬ ቀስ እያልኩ እራመዳለሁ። የሚጠይቀኝ ካጣሁ ራሴ ጨዋታ ጀምሬ ነገሩን ወደዚያው እወስደዋለሁ። ከንፈሬ ደርቆ እንዲታይልኝ አፌን እንኳ አልጉመጠመጥም ነበር። እግዚአብሔር ያን ጊዜ እኔን እያየ ምን ይል እንደነበር አላውቅም፤ ሳይስቅ አልቀረም።

ጊዜው የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ ነው። ሥራዬ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ጸሐፊነት ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ክስ እገለብጣለሁ፤ እከሌ የእከሌን ድንበር ገፋ፣ እከሊት እከሊትን በሰው ፊት ሰደበች። እንዲህ ያለ ሥራ የያዘ ሰው ውሎ ሲያድር ዓለሙ ሁሉ ተከሳሽ፣ እሱ ብቻ ጸሐፊ ይመስለዋል። እኔን በደንብ መስሎኝ ነበር።

የተከራየኋት አንዲት ክፍል ከጎረቤቴ ግቢ የምትለየው በጭራሮ አጥር ነበር። ጎረቤቴ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ትከሻቸው ሰፊ፣ ሳቃቸው ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ “ጸሐፊው” ነው የሚሉኝ። ወንደላጤ ስለሆንኩ በዓል በመጣ ቁጥር ሳህን ሸፍነው በአጥሩ ላይ ያቀብሉኛል። እኔም ሳህኑን ጠርጌ እበላለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ከዚያ ደግሞ “ምን ይደረግ፣ ጠላ ሻጭ ናቸው” እያልኩ በልቤ ዝቅ አድርጌ አያቸዋለሁ። ይህን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን አላፈርኩም።

የሠፈራችን ሰው ወር በገባ በሃያ አንድ የማርያምን ጽዋ የሚጠጣበት ማህበር ነበረው። ተራ የደረሰው ሰው ዳቦውንና ጠላውን አዘጋጅቶ ማህበርተኛውን ቤቱ ይጠራል፤ ቄስ ይባርካል፤ የኔ ቢጤው ይበላል፤ ከዚያ ሁሉም ከአንዱ ጽዋ ይጠጣል። መጨረሻ ላይ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ባለተራ በእልልታ ይሰጣል። የማህበሩን አለቃ ሙሴ እንላቸዋለን፤ የእኛ ሙሴ በመኪና ልብስ የሚሰፉ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ጽዋው ከመነሣቱ በፊት “የተቀያየመ አለ ወይ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከዚያ ጽዋ አይጠጣምና።

ለእኔ ማህበሩ በወር አንድ ቀን ጥሩ ዳቦ የምበላበት ቦታ ነበር። ለጎረቤቴ ግን እንደዚያ አልነበረም። ልጅ የላቸውም። ዘመዶቻቸው ዲማ ገጠር ናቸው፤ የእግር መንገድ ነው። ቢታመሙ የሚያስታምማቸው፣ ቢሞቱ ወጥቶ የሚቀብራቸው ይኸው የሠላሳ ሰው ማህበር ብቻ ነው። በዚያ ዓመት የመደገሱ ተራ የሚደርሳቸው በግንቦት ሃያ አንድ ነበር፤ ከጥምቀት ጀምሮ ስለዚያ ድግስ ያልነገሩት ሰው የለም።

እንግዲህ መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ሁዳዴው በደንብ ሲከር፣ አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። በሁዳዴ ቅቤ የሚበላ ስለሌለ ገበያው ላይ ይረክሳል፤ አስተዋይ ሴት ያኔ ገዝታ አንጥራ ለፋሲካ ታስቀምጣለች። ጎረቤቴም ያን ቀን ቅቤያቸውን እያነጠሩ ነበር። ሽታው አጥሩን አልፎ መጣ። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ አብሹ፤ አንድ በአንድ ለየኋቸው። አፌ ምራቅ ሞላ። ሆዴ ጮኸ። ሳላስበው ተነሥቼ አጥሩ ሥር ቆምኩና ጭራሮውን በሁለት እጄ ፈልቀቅ አደረግሁት።

ቅቤውን አጥልለው ጨርሰው ድስቱን ሊያጥቡ ነው። ውሃውን ሊጨምሩ ሲሉ እጃቸው ቆም አለ። ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያ እንጀራ ቆርሰው የድስቱን ሥር ጠረግ አደረጉና ጎረሱ። አንድ። ደገሙ፣ ሁለት። ሦስተኛውን ሲጎርሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደ እውነቱ ከሆነ እኔም አብሬያቸው ጨፍኜ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ግን ጿሚው ሰውዬ በውስጤ ተነሥቶ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ ቆጣ ብሎ ቆሟል።

መጋቢት ሃያ አንድ ደረሰ። የማህበሩ ቄስ፣ የእኔም የንስሐ አባት፣ ያን ቀን ለቀብር ወደ ገጠር ወርደው ስለነበር ሙሴው “ጸሐፊ፣ አንተ ፊደል ታውቃለህ፤ የዕለቱን አንብብልንና ሁለት ቃል ተናገር” አሉኝ። አንብቤ ብቀመጥ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር። እኔ ግን ስለ ጾም ተናገርኩ። ደረቴን ነፍቼ ተናገርኩ። ቤቱ ጠቦ ተጨናንቀን ስለተቀመጥን ጎረቤቴ ከጎኔ ነበሩ፤ እኔም እሳቸውን ሳላይ፣ ጣራ ጣራውን እያየሁ፣ “ዛሬ ከመካከላችን በጠራራ ፀሐይ የቅቤ ድስት ጠርጎ በልቶ ጽዋ ሊጠጣ የመጣ አለ” አልኩ። ስም አልጠራሁም። ስም ባለመጥራቴም ራሴን ትልቅ ጨዋ አድርጌ ቆጠርኩት።

ስም መጥራት ምን ያደርጋል፤ በዚያ ሳምንት ማን ቅቤ እንዳነጠረ የሠፈሩ አፍንጫ ሁሉ ያውቃል። ሰው ሁሉ ዞር አለ። ጎረቤቴ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ተነሡና ሰው እየተሻገሩ፣ “ይቅርታ፣ እግርህን” እያሉ፣ ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቶሎ ቶሎ ሆነ። ማህበሩ ነገሩ እስኪታይ ድረስ ከጽዋ አገዳቸው፤ የግንቦት ተራቸውም ተንጠልጥሎ ቀረ። ደንበኞቻቸው ደግሞ “ጋኗም ዋንጫዋም ፍስክ ነው” ብለው ቀሩ። ጾመኛ ሰው ቅቤ በነካ ዕቃ አይጠጣማ። ውሃ የምትቀዳላቸው ሴት ሥራው ሲጠፋ ሌላ ቤት ገባች። አንድ ጋን ጠላ ሆምጥጦ ሲደፉት በአጥሩ በኩል አየሁ። በነጋታው በር ላይ ጠላ መኖሩን የሚያሳየውን፣ እንጨት ላይ የተሰቀለውን ጣሳ አወረዱት። እኔን ግን መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ “ተባረክ፣ እንዲህ ያለ ወጣት ነው የጠፋው” እያለ እጄን ይጨብጠኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ተጨበጥኩ።

በአራተኛው ቀን ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቅዳሴ ሲቀድሱ ድምፃቸው የሚያስለቅስ፣ ሲቀልዱ ደግሞ ፊታቸው ላይ ምንም የማይነበብ። የሄድኩት በጎረቤቴ ላይ ስላደረግሁት ነገር ልናዘዝ አልነበረም፤ ያን እንደ ጽድቅ ቆጥሬዋለሁ። የሄድኩት ቅቤው ሸትቶኝ ስላማረኝ ነው።

“አባቴ፣ በጾም ቅቤ አማረኝ” አልኳቸው።

“እንዴት ሊያምርህ ቻለ?”

ታሪኩን በሙሉ፣ ንግግሬንም ጭምር፣ ትንሽ አሳምሬ ነገርኳቸው። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጥሞና ሰሙኝ።

“ኮረሪማ ነበረው?” አሉ።

“ነበረው።”

“ኮሰረትስ?”

“ኮሰረትም ነበረው።”

“ጎበዝ አንጣሪ ናት” አሉ። ቀጠሉና “ስንት ጉርሻ በላች አልክ?”

“ሦስት።”

“ቆጠርክ?”

“ቆጠርኩ።”

“ሦስቱንም?”

ይኼኔ ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። ነገሩ ወዳላሰብኩት መሄዱ ስለገባኝ ቶሎ ብዬ “ሦስት መቶ ስግደት ልስገድ?” አልኩ።

“ስግደት ለአንተ መዝናኛ ነው። እንዲያውም ከዛሬ ጀምሮ እኔ ሳላዝህ እንዳትሰግድ። ቀኖናህ ይኸውልህ፤ ለጎረቤትህ አርባ ቀን ውሃ ትቀዳለህ። በእንስራ። በጀርባህ። ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሲያይ።”

አሁን ያለው አንባቢ ይህ ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል። በዚያ ዘመን በእኛ አገር ወንድ ልጅ፣ ያውም የመንግሥት ጸሐፊ፣ ያውም ኮት የለበሰ፣ እንስራ አዝሎ መታየት በሬ ዛፍ ላይ ወጥቶ እንደማየት ነው። ጨነቀኝ። በጨነቀኝ ጊዜ ደግሞ የሕግ ቀዳዳ መፈለግ ልማዴ ነው።

“አባቴ፣ አርባው ቀን ሳያልቅ ፋሲካ ይገባል። በበዓለ ሃምሳ ደግሞ አይጾምም፣ አይሰገድም።”

“ውሃ ግን ይጠጣል” አሉና መስቀሉን አሳልመው አሰናበቱኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሠፈሩ በታች ወዳለው ምንጭ ወረድኩ። እንስራውን ከአከራዬ ለምኜ ነው ያገኘሁት። ሴቶቹ ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቆሙ። ከዚያ አንዷ “ምነው ጸሐፊ፣ ዛሬ ደግሞ ምንጩ ነው የተከሰሰው?” አለች፤ ያን ቀን እዚያ ምንጭ ላይ የተሳቀውን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። እኔም ኮስተር ብዬ፣ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው፣ እንስራዬን ሞላሁ። ገመዱን እንዴት እንደሚያልፉት ስለማላውቅ ደረቴ ላይ እንደ ቀበቶ አሰርኩት። ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ሾልኮ ወረደና መንገዱ ላይ ተሰበረ። ውሃው ግማሹ መሬት፣ ግማሹ ኮቴ ውስጥ ገባ።

ሴቶቹ አዘኑልኝ መሰል፣ በሁለተኛው ቀን ሌላ እንስራ ገዝቼ ስወርድ እየሳቁብኝም ቢሆን አስተማሩኝ። ገመዱ በትከሻ ነው እንጂ በሆድ አይደለም፤ ወገብ ጎንበስ፣ ጉልበት ላላ፤ የእንስራው አፍ በቅጠል ይደፈናል፣ አለዚያ ማጅራትህን ያጥብሃል። መሥሪያ ቤትም ወሬው ቀድሞኝ ገባ። ጓደኞቼ ስሜን ትተው “ውሃ ቀጂው” አሉኝ። ዳኛው እንኳ መዝገብ ሳቀርብላቸው ጀርባዬን አየት አድርገው “ደረቅህ?” ብለው ጠየቁኝ።

ይህ ሁሉ ግን ከጎረቤቴ ፊት አይብስም ነበር። የመጀመሪያውን ሙሉ እንስራ ይዤ በራቸው ላይ ስደርስ ወጡና እያለከለክሁ “እትዬ፣ ውሃ ነው” አልኳቸው። እንስራውን ከጀርባዬ ተቀበሉኝ፣ ወደ ጓሮ ሄዱ፣ ሙሉውን ጎመናቸው ላይ ደፉት፣ ባዶውን መልሰው ሰጡኝ።

በነጋታውም እንዲሁ። በሦስተኛውም እንዲሁ። አሥር ቀን ሙሉ ያን ሁሉ ዳገት ያወጣሁት ውሃ ጎመን ጠጣው። ጎመኑ ደግሞ አያፍርም፤ ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ ሰፋ፤ በሠፈሩ ያንን የሚያህል ጎመን ታይቶ አይታወቅም ይባል ነበር። በአምስተኛው ቀን ተናድጄ ለንስሐ አባቴ “ውሃውን እየደፉት ነው” ብዬ ከሰስኳቸው። “አንተ እንድትቀዳ ነው እንጂ እሷ እንድትጠጣ አላዘዝኩም” አሉኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን እንስራውን ተቀበሉኝና ወደ ጓሮ ሳይሆን ወደ ቤት ይዘውት ገቡ። ተመልሰው ወጥተው ደጃፉ ላይ ካለው መደብ ተቀመጡ። “ተቀመጥ” አሉኝ። ወገቤ እስኪቀና ጊዜ ወሰደብኝ።

በእነዚያ አሥር ቀኖች ዳገቱን ስወጣ አንድ ነገር ሳስብ ነበር የከረምኩት። እኚህ ሴት ቅቤውን የበሉበት አንድ ደህና ምክንያት ሳይኖር አይቀርም፤ እሱን ካገኘሁ ለማህበሩ እናገራለሁ፣ ሁሉም ይስተካከላል። ስለዚህ በአክብሮት “እትዬ፣ ያን ቀን አሞዎት ነበር እንዴ?” አልኳቸው።

“አይ።”

“ሐኪም ያዘዘዎት ነገር ይኖር ይሆን? ጨጓራ…”

“ጨጓራዬ ደህና ነው።”

“ምናልባት ተሳስተው፣ ዘይት መስሎዎት…”

ቀና ብለው አዩኝና “ቅቤ ስለምወድ ነው” አሉ። “ሌላ ምንም የለውም። ሌላውን ቀን ሁሉ እንደ ሰው ጾምኩ። ያን ቀን ድስቱ ሥር ቀረት ያለውን ሳየው አቃተኝ። ሰይጣን አልመጣብኝም፤ ቅቤው ራሱ በቃኝ።”

እሳቸው ግን አልጨረሱም። “በማግስቱ ጠዋት ለአባታችን ነገርኳቸው። ሦስት ጉርሻ፣ ሦስት ቀን አሉኝ፤ ሦስት ቀን ሰገድኩ፣ ውሃም ሳልቀምስ አመሸሁ። በሃያ ጨረስኩ። በሃያ አንድ ልቤ ቀሎኝ ነጭ ልብሴን ለብሼ መጣሁ። ከዚያ አንተ ተነሣህ።”

እኔ መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። ፍርድ አልቆለት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ መደርደሪያ ላይ የወጣ መዝገብ ማንም ጸሐፊ በገዛ እጁ አይከፍትም፤ የሚከፍት ካለ ከሥራው ይባረራል። እግዚአብሔር ዘግቶ ያስቀመጠውን መዝገብ ነበር ሠላሳ ሰው ፊት ገልጬ ያነበብኩት። ንስሐ አባታችን ያን ሁሉ የኮረሪማና የኮሰረት ጥያቄ ሲጠይቁኝ ሁሉንም ያውቁ ነበር፤ ማውራት ግን አይችሉም።

“ይህን ለማህበሩ ልንገር” አልኩ ብድግ ብዬ።

“ተቀመጥ። ንስሐዬን አውጥተህ ልትዘራው ነው? አንድ ጊዜ የዘራኸው አይበቃህም? ብትናገር ውሃህንም አልቀበል፣ ፊትህንም አላይ።”

እንግዲህ ማሰሪያው እንዲህ ሆነ፤ የሚያድናቸውን ነገር አውቃለሁ፣ መናገር አልችልም።

ፋሲካ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ዋለ፤ ሰው ሁሉ ፈሰከ፤ እኔ ውሃዬን ቀዳሁ። ሚያዝያ ሃያ አንድ ማህበሩ የጎረቤቴን ነገር ሊቆርጥ ነበር። ያን ቀን ጽዋው ካልተሰጣቸው የግንቦቱ ድግስ ለሌላ ሰው ይሄዳል፤ ድግሱ የተነፈገ ሰው ደግሞ ከማህበሩ እንደወጣ ነው የሚቆጠረው። እኔም እንደ ጥሩ ጸሐፊ በንጹሕ ወረቀት ላይ፣ በአራት ነጥብ፣ መከራከሪያ አዘጋጀሁ። አንደኛ፣ ተከሳሿ የመልካም ጠባይ ባለቤት መሆናቸው። ሁለተኛ፣ የተባለው ምግብ መጠኑ አነስተኛ መሆኑ። ሁለተኛውን ሳነብ አንድ ሽማግሌ ማህበርተኛ አቋረጡኝ።

“ይኸን ሁሉ ተወውና በላች ወይስ አልበላችም?”

“በልተዋል።”

“ያየህ አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ።”

“እንግዲያ ምን ቀረ?” አሉና ወደ ሙሴው ዞሩ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ንስሐ አባቴን አየኋቸው፤ እሳቸው የዳቦውን ቅርፊት እያዩ ነው። ወረቀቱን አጠፍኩት።

“አንድ ነገር ቀርቷል” አልኩ። “ያን ቀን አጥሩን የፈለቀቅሁት ለጾሙ ተቆርቁሬ አይደለም። ቅቤው ሸትቶኝ ነው። ምራቄን እየዋጥኩ ነው ያየኋቸው። ሦስተኛውን ሲጎርሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እኔም አብሬ ጨፈንኩ። እኔ ያልበላሁት ድስቱ ከአጥሩ ማዶ ስለነበር ነው።”

አንድ ሰው ከኋላ ፍርስ ብሎ ሳቀ። ሌላው ተከተለ። ሳቁ ሲበርድ የሙሴው ባለቤት አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው “እኔስ አምና ወተት ሲገነፍል አረፋውን በጣቴ…” ብለው ጀመሩ። “ታዲያ ምን አለበት፣ እኔ ጉንደ ወይን ገበያ የሄድኩ ጊዜ፣ እርጎ መሆኑን ያወቅሁት ጨርሼ ነው” አለ አንዱ። “ጨርሰህ?” አሉት። ያ የጠየቁኝ ሽማግሌ እንኳ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ አንድ እንቁላል ማውራት ሲጀምሩ ንስሐ አባቴ እጃቸውን አነሡ።

“ተዉ እባካችሁ፤ ለእኔም ሥራ አስተርፉልኝ። ሁላችሁም በየተራችሁ ቤቴ ኑ። እንቁላሉ ግን ነገ ጠዋት ይምጣ።”

ከዚያ በኋላ የሚከራከር አልተገኘም። ጎረቤቴ ተጠሩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ፣ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ እልልታው ቤቱን ሞላው። ግራ ቀኝ ሳያዩ ይዘውት ሄዱ። ያን ቀን ከጽዋው እንዳልጠጡ በደስታው መካከል ማንም ልብ አላለም፤ እኔም አላልኩ።

አርባው ቀን ግንቦት አራት ላይ አለቀ። በአምስት ጠዋትም እንስራዬን ይዤ በራቸው ላይ ቆምኩ። ድግስ ደርሶ ነበር፤ የሦስት ጋን ጥንስስ ውሃ ቀላል አይደለም።

“ቀኖናህ አላለቀም እንዴ?” አሉኝ።

“አልቋል።”

“ታዲያ?”

“ድግስ አለብን” አልኩ።

“አለብን” ብለው ቃሌን ደገሙና እንስራውን ተቀበሉኝ። አልሳቁም። ጣሳው በሩ ላይ እንደገና ተሰቅሏል፤ ደንበኞቹም ምንም እንዳልተፈጠረ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ተመልሰዋል። እኔ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ግንቦት ሃያ አንድ ቤታቸው ሞላ። ዳቦው ተባረከ፣ ተቆረሰ፤ የኔ ቢጤው በልቶ መርቆ ሄደ። ሙሴው ጽዋውን ከማንሣታቸው በፊት እንደ ወጉ “የተቀያየመ አለ ወይ?” ብለው ጠየቁ። በዚህ ጥያቄ ላይ መልስ የሚሰጥ ሰው ስለሌለ እጃቸውን ወደ ጽዋው እየሰደዱ ነበር።

“አለ” አሉ ጎረቤቴ። “እኔ አለሁ።”

በገዛ ድግሳቸው ላይ ነው የተናገሩት። ባለ ድግሷ ካልጠጡ ማንም አይጠጣም፤ ጽዋው ካልተጠጣ ደግሞ ያ ሁሉ ድካም እንዳልነበረ ነው። የዓመት ምኞታቸውን በእጃቸው ይዘው አቆሙት። ከማን ጋር እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሁሉም እኔን አየ።

የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ተንበርክኮ ነው ይቅርታ የሚለምነው። ተደናግጬ ሮጥኩና ደጅ ካገኘሁት ሁሉ ትልቁን፣ ጠፍጣፋውን ድንጋይ አንገቴ ላይ አድርጌ እየተንገዳገድኩ ገባሁ።

“የጋኔ መክደኛ ነው እሱ” አሉ ጎረቤቴ። “ወደ ቦታው መልስ። ዝንብ ይገባበታል።”

መልሼ ሌላ ፈልጌ መጣሁ። የሳቀው ሰው ብዙ ነው፤ እሳቸው ግን ፊታቸው አልተፈታም። ተንበረከክሁ። “ይቅር በሉኝ፣ ስለ እግዚአብሔር” አልኩ።

“ቅቤውን መብላቴን ስለተናገርክ አይደለም የተቀየምኩህ” አሉ። “በልቻለሁ። ጠላዬን ስለደፋሁም አይደለም፤ ጠላ እንደገና ይጠመቃል። አንድ ነገር ነው የሚቆጨኝ። ያን ቀን ትከሻህ ትከሻዬን እየነካ ነበር የተቀመጥነው። ትንሽ ጎንበስ ብትል ጆሮዬ ነበር። ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?”

ብዙ መልስ አውቅ ነበር። ስለ ጾሙ ክብር፣ ስለ ማህበሩ ሥርዓት፣ ሌላው እንዲማርበት፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አንዱን ከአንዱ አሳምሬ እደረድረዋለሁ። ድንጋዩ ማጅራቴን ሲጫነኝ አንዱም አልመጣልኝም፤ እውነቱ ብቻ ነበር አፌ ላይ የቀረው፣ እሱም ያሳፍራል።

“ለእርስዎ ብቻ ብነግርዎት” አልኩ፣ “ማንም ተባረክ አይለኝም ነበር።”

የሳቀ የለም። ንስሐ አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንባዬ መጣ፤ ጎረቤቴ ቁልቁል አዩኝ።

“እሱን ነበር ስጠብቅ የከረምኩት” አሉ። “ይቅር ብያለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ።”

ድንጋዩን ራሳቸው ከአንገቴ አውርደው በሩ አጠገብ አስቀመጡት። ጽዋውን ከሙሴው እጅ ተቀበሉና መጀመሪያ እሳቸው ጠጡ። ከዚያ ተራዬ ሳይደርስ፣ ሙሴውን አልፈው፣ ለእኔ ሰጡኝ። ሙሴው ስለ ተራው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። እኔ እንደተንበረከክሁ በሁለት እጄ ይዤ፣ እያለቀስኩ፣ ሳላቋርጥ እጠጣ ጀመር። ጠላው በአገጬ ላይ እየወረደ ኮቴን አበሰበሰው።

ጎረቤቴ ጎንበስ አሉ። አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠግተው፣ ሌላ ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ቀስ በል፤ ገና ሠላሳ ሰው ይጠጣል” አሉኝ።